ከግቢ ጎረቤቶች ጋር አንድ ቀን ጎንደርን መዞር፦ 21 ሰው ነን፣ እንዴት እናድርገው?

የማራኪዋ፦

እንዴት ሰነበታችሁ። ማራኪ አካባቢ በአንድ ግቢ የምንኖር ሰባት ቤተሰብ ነን። ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት ካሉት እሑዶች በአንዱ ግቢው እንዳለ ወጥቶ ከተማውን አይቶ እንዲገባ ተስማምተናል። 13 አዋቂ ነን፤ ከ4 እስከ 11 ዓመት የሆኑ ስምንት ልጆችም አሉ። ከአዋቂዎቹ አንዷ እማማ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሜዳ ሜዳውን በከዘራ ይሄዳሉ እንጂ ደረጃ አይወጡም። ሁለቱ ቤት ሙስሊሞች ናቸው። ከቀሩት ውስጥ ሦስቱ ቤት ጽጌን ይጾማሉ።

የያዝነው ዝርዝር ፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችው ወለቃ፣ ሲመሽ ደግሞ ኮረብታው ላይ ያለው ጎሃ ሆቴል ነው። ጎንደር ተወልዶ ያደገው ሰው እንኳ ግማሹን አላየውም፤ ልጆቹ ግንቡን የሚያውቁት ከባጃጅ ውስጥ ሆነው ሲያልፉ ብቻ ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ ስድስቱ በአንድ ቀን ይዳረሳሉ? በምን እንሂድ? ሁሉም ሰው አብሮ የሚበላው ምን ይዘን እንውጣ? ቡናውስ የት ይፈላ? ገንዘቡ ላይ ደግሞ ማንም ቅር እንዳይለው እንዴት እናዋጣ? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን።

ጃንተከል፦

እህቴ፣ ሐሳባችሁ ደስ ይላል፤ ዝርዝራችሁን ግን በግማሽ ቀንሱት። ስድስት ቦታ በባጃጅ ለሚዞሩ ሁለት ወጣቶች ይሆናል፤ ለ21 ሰው አይሆንም። ቦታዎቹ እኮ አይራራቁም፤ ከሁሉ ሩቅ የሆነው ወለቃ እንኳ ከመሀል ከተማ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊዜውን የሚበላው መውጣትና መውረዱ ነው። ስምንት ልጅና አንድ አዛውንት ያሉበት ቡድን መኪና ለመሳፈር 15 ደቂቃ፣ ለመውረድና ለመሰብሰብ ሌላ 15 ደቂቃ ይወስድበታል። ስድስት ቦታ ማለት በዚህ ብቻ ሦስት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ትኬት መቁረጡ፣ ጫማ ማውለቁ፣ የልጅ ሽንት፣ የጠፋ ነጠላ ገና አልተቆጠረም።

ቀኑን በእማማ ጉልበትና በአራት ዓመቱ ልጅ እግር ለኩት። የሚበቃችሁ ፋሲል ግቢና መዋኛው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ለፈለገ ሥላሴ፤ ጉልበት ከቀረ ጎሃ። ቁስቋምና ወለቃን ለሌላ እሑድ አቆዩአቸው።

መገናኛችሁን ጃንተከል ዋርካ አድርጉት፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ጥላም አለው፣ የግንቡ የጎብኚ መግቢያም እዚያው ነው። ጠዋት 2:30 ላይ ብትደርሱ ፀሐዩ ሳይበረታ ትገባላችሁ። መታወቂያ ያዙ፤ የሀገር ውስጥ ጎብኚ ዋጋ የተለየ ስለሆነ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ትኬቱን ከገባችሁ በኋላ አትጣሉት፤ የመዋኛውም መግቢያ እሱው ነው። 21 ትኬት አንድ ሰው ይያዝ። ለየሰው ከታደለ መዋኛው በር ላይ ሦስቱ ይጠፋሉ፤ ለእነዚያ እንደገና መክፈል ነው።

የውጩ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁሉንም ጥግ ልርገጥ ካላችሁ ልጆቹ ይዝላሉ። ደግነቱ ትልቁ፣ ባለ አራት ክብ ማማው የፋሲለደስ ግንብ ከመግቢያው ቅርብ ነው። እማማ እሱን ካዩ ዋናውን አይተዋል። ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ስለሆነ ደግሞ በደንብ የሚታየው ራቅ ብለው ሜዳው ላይ ሲቀመጡ ነው፤ ደረጃ ባለመውጣታቸው ብዙ አይቀርባቸውም። ከሳቸው ጋር አንድ ሰው በተራ ይቀመጥ፤ በየ20 ደቂቃው ተለዋወጡ።

ለልጆቹ ደግሞ በንጉሥ ተራ አሳዩአቸው፤ እንደዚያ ሲሆን ጭንቅላታቸው ውስጥ ይቀመጣል። ፋሲለደስ ከተማዋን የቆረቆረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ነው። የልጁ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ቀጥሎ አለ። ከዚያ የታላቁ ኢያሱ ግንብ፦ ጣሪያው እንደ ኮርቻ ነውና ልጆቹ ራሳቸው እንዲያገኙት ጠይቋቸው። ውስጡ ባዶ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ስለጎዳው፣ ኋላም ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ስላገኘው ነው። ወደ ሰሜን ስትዘልቁ የዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የበካፋ፣ መጨረሻ ላይ የእቴጌ ምንትዋብ። የአንበሶቹን ቤት መሀል ላይ አትዝለሉት፤ የአራት ዓመት ልጅ ከሁሉም የሚያስታውሰው እሱን ነው።

የሚያሰጋው ደረጃው ነው። ድንጋዩ በብዙ እግር ተልጎ ያዳልጣል፤ አንዳንዱ ቦታ መደገፊያ የለውም። ለሁለት ልጅ አንድ አዋቂ መድቡ፤ ማን ማንን እንደሚይዝ ከቤት ሳትወጡ በስም ይታወቅ። “ሁላችንም እናያቸዋለን” ከተባለ ማንም አያይም። ግድግዳ ላይ መውጣትና ኖራውን መፋቅም ይከልከል፤ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን የራሳችን ነው።

አስጎብኚ የምትፈልጉ ከሆነ መታወቂያ ያለውን በር ላይ ታገኛላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን ለቡድን እንጂ ለሰው እንዳይሆን ተነጋገሩ፤ ልጆች እንዳሉና ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ እንደማይቆሙም ንገሩት።

አዘዞ መስመር፦

ስለ መጓጓዣው ልንገራችሁ። ባጃጅ ሦስት ሰው ነው የሚይዘው፤ ሰባት ባጃጅ ያስፈልጋችኋል። ሰባት ባጃጅ ተከታትሎ አይደርስም፤ አንዱ በአራዳ፣ አንዱ በሌላ በኩል ይሄድና መጠባበቁ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ሚኒባስ 12 ሰው ስለሆነ ሁለት ኮንትራት ይሻላል። አንድ ቅጥቅጥ ብታገኙ ከሁሉም ይሻላል፤ ሁላችሁንም ከነዕቃው ይይዛል። እማማን ግን ቀድማችሁ አስቡ፤ የቅጥቅጥ መወጣጫ ከፍ ያለ ነው፣ በሚኒባስ ይቀላቸዋል።

ከሾፌሩ ጋር ስትነጋገሩ “ቀኑን ሙሉ” አትበሉ፤ ለእሱ ቀኑ እስከ 10 ሰዓት ነው፣ ለእናንተ እስከ 1። የሚነሳበትን ሰዓት፣ የሚቆምባቸውን ቦታዎች በስም፣ የሚመልስበትን ሰዓትና ለተጨማሪ ሰዓት ስንት እንደሚከፈል በስልክ መልእክት ጽፋችሁ ላኩለትና “እሺ” ይበላችሁ። ቀብድ ከሲሶው አይለፍ። ነዳጁን ቅዳሜ ማታ እንዲሞላ አጥብቃችሁ ንገሩት። እሑድ ጠዋት ማደያ ሰልፍ ላይ ከገባ 2:30 የተባለው 4 ሰዓት ይሆናል፤ የእንዲህ ያለ ጉዞ ዋና መበላሻ ይኸ ነው።

ባልትና፦

እህቴ፣ ምግቡን ለእኔ ተዪው። የሁለት ሃይማኖት ሰው አብሮ ሲወጣ ሥጋ ይለያያል፤ ክርስቲያኑ የእስላም፣ እስላሙ የክርስቲያን ዕርድ አይበላም። በዚያ ላይ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ እናንተ የምትወጡት በጾሙ መሀል ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ አድርጉት። ማንም ለብቻው ሳህን አይዝም፣ ማንም አይሸማቀቅም። ሁሉ ነገር በዘይት ይሠራ፤ ቅቤ በነካ ዕቃ እንዳይሠራ ብቻ ጠንቀቅ በሉ።

መንገድ የሚችል ምግብ ደረቅ ወይም የተጠበሰ ነው። የሱፍ ፍትፍትና የቲማቲም ፍትፍት አትያዙ፤ ጠዋት 12 ሰዓት የተፈተፈተ እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ ይኮመጥጣል፣ ልጆቹንም ሆዳቸውን ያማቸዋል። ሽሮ ወጥም በመኪና ውስጥ ይፈሳል። ለ21 ሰው በቂ የሚሆነው ይኸ ነው፦

ድፎ ዳቦ ከ3 ኪሎ ዱቄት። ውሃው 2 ሊትር ገደማ ለብ ያለ፣ እርሾ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ሦስት፣ ጥቁር አዝሙድ እንደወደዳችሁ። ውሃውን በአንድ ጊዜ አትጨምሩት፤ የዱቄቱ ጠባይ ይለያያል፣ መጨረሻውን ግማሽ ሊትር እያያችሁ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ተቦክቶ ማታ ይጋገር። ትኩሱን በፌስታል ካሠራችሁት በእንፋሎቱ ይረጥብና ጠዋት ልጥጥ ይላል፤ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ መሶብ ውስጥ ይደር። እዚያው እንዳትታገሉ ቤት ቆራርጣችሁ ውጡ።

የምስር ሳንቡሳ ለአንድ ሰው ሦስት፣ በድምሩ 63። አንድ ኪሎ ድፍን ምስር ይበቃል። ክኩን አትጠቀሙ፤ ይላቁጥና ሊጡን ያረጥበዋል። ምስሩ በስሎም ፍሬው ሳይፈርስ ይውጣ፣ ውሃው በደንብ ይጥለል፣ ሽንኩርትና ቃሪያው ከእሳት ከወረደ በኋላ ይግባ። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትጠቅልሉ። ብዙ ሰው ሳንቡሳው ዘይት ውስጥ ፈነዳብኝ የሚለው ትኩስ ምስር ሊጡ ላይ ላብ ስለሚያወጣ ነው። ለልጆቹ ያለ ቃሪያ 20 ያህል ለይታችሁ ጠቅልሉ፤ እንዳይደባለቅ ጠርዙን በሹካ ምልክት አድርጉበት።

ድንችና ካሮት 4 ኪሎ፣ ተቀቅሎ በዘይትና በሽንኩርት ደረቅ ተደርጎ። እንጀራ 20፣ ተጠቅልሎ። አዋዜ በትንሽ ብልቃጥ። ቆሎ 2 ኪሎ፣ ለየሰው አንድ እፍኝ ነው። ብርቱካን ለየሰው አንድ፤ ሙዝ ከታች ከሆነ ይጨፈለቃል። የመጠጥ ውሃ 21 ሊትር አስቡ፣ ከዚያ ሌላ ለእጅ መታጠቢያ አንድ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን። የእጅ ውሃ መርሳት የተለመደ ነው፤ ሲረሳ የመጠጡ ውሃ ለእጅ ያልቃል።

ማን ምን እንደሚሠራ በቤት አከፋፍሉ፤ ዳቦ የምትችል ዳቦ፣ ሳንቡሳ ሁለት ቤት አንድ ላይ። አንድ ሰው ሁሉን ከያዘች እሑድ ጠዋት ደክማ ነው የምትወጣው።

ቡናውን በተመለከተ፣ በግንቡም ሆነ በመዋኛው ግቢ ከሰል አታቀጣጥሉ። ቅርስ ነው፣ የጥቅምት ሣርም መድረቅ ጀምሯል። በፔርሙዝ መያዝ ይቻላል፤ ባለ 1 ሊትር ፔርሙዝ 13 ሲኒ ያህል ይወጣዋል፣ ለአዋቂዎቹ አንድ አንድ ማለት ነው። ግን ያ አቦል ብቻ ነው። ቶናና በረካ ያለው ቡና ማታ ግቢያችሁ ገብታችሁ ይሁን። ጥሬ ቡና 300 ግራም፣ ሲቆላ 250 ገደማ ይሆናል፤ ለ13 ሰው ሦስቱም ዙር ይደርሳል። አንድ ጀበና አይበቃችሁም፣ ሁለት አሰናዱ። ቅዳሜ ታጥቦ ይደር፣ ቄጠማውና ዕጣኑ ይዘጋጅ፣ ግማሽ ኪሎ ፈንዲሻም ይኑር። ደክሞ የገባ ሰው ከዚያ በኋላ ቡና ማጠብ አይጀምርም።

የማራኪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይኸ ሁሉ ዝርዝር ከጠበቅነው በላይ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ልጆቹ መዋኛ ሲባል ዋና መስሏቸው ልብስ እያዘጋጁ ነው። ሁለተኛ፣ ከግቢው ወጣቶች “ግንብ ምን ይታያል፣ ኮሶዬ እንሂድ” የሚሉ አሉ። ምን ትላላችሁ?

ቀሃ ማዶ፦

የልጆቹን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በሩ ላይ ከሚያለቅሱ ቤት ያልቅሱ። ገንዳው ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይመጣል፤ ጥር 10 ታቦታቱ ይወርዳሉ፣ ጥር 11 ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ይዘልበታል። በሌላው ወር ባዶ ነው፣ ወይም ከታች ትንሽ የዝናብ ውሃ አለው። ጫፉ ከፍ ስለሚል ልጅ ብቻውን ጠርዙ ላይ እንዳይቆም።

በዋናው ፋንታ ሁለት ነገር ስጧቸው። አንዱ የዛፎቹ ሥር ነው፤ በአጥሩ ድንጋይ ላይ እንደ እጅ ተጠምጥሞ ወርዷል። የትኛው ሥር ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ እንዲከተሉ አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ይይዛቸዋል። ሁለተኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው ክብ ጣሪያ ያለው ትንሽ ሕንፃ ነው። የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው ይባላል፤ ለፈረስ መቃብር የሠራ ንጉሥ ልጅን ያስደምማል።

ለምሳም የመዋኛው ግቢ ከግንቡ ይሻላል። ጥላው ሰፊ ነው፣ ሜዳው ለእማማ ይመቻል፣ ከፒያሳ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ምንጣፍ ማንጠፍ የሚቻልበትን ቦታ ግን ጥበቃዎቹን ጠይቃችሁ ተቀመጡ፤ ፍርፋሪና ልጣጭ የምትሰበስቡበት ሁለት ማዳበሪያ ያዙ። ዙህር በጥቅምት 6:15 ገደማ ስለሚገባ ምሳውን 6:30 ብታደርጉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ሰግደው በእርጋታ ይቀርባሉ። ለውዱእ የሚሆን ውሃ ከእጅ መታጠቢያው ላይ አስቡላቸው፤ ባልትና ካለችው 10 ሊትር በተጨማሪ 5 ሊትር ይጨመር።

ኮሶዬ ውብ ነው፣ አልክድም። በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገደሉ ሲከፈት የሚታየው አገር፣ ከታደሉ ጭላዳ ዝንጀሮውም አለ። ለዚህ ቡድን ግን አይሆንም። የገደሉ ጠርዝ አጥር የለውም፣ እናንተ ደግሞ ስምንት ልጅ ይዛችኋል። ከጎንደር ከፍ ስለሚል ነፋሱ በጥቅምትም ይቀዘቅዛል፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ክፉ ነው። ከከተማ ስትወጡ ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ጠይቆ ቀን ሳይመሽ መመለስ ግድ ነው፤ ይኸ ለወጣት እንጂ ለሙሉ ግቢ አይመችም። ወጣቶቹ ለብቻቸው በሌላ ቀን፣ ጃኬት ይዘው፣ በጠዋት ይሂዱ።

አዲስ ዓለም፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ ግቢው ባዶውን ሲቀር።

ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው። ሰባት ቤት ሲወጣ አንዱ ቧንቧ ክፍቱን ከቀረ፣ ውሃው ሲመጣ የሚዘጋው የለም፤ ግቢው ይጥለቀለቃል፣ የጋራ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ የዚያ ወር ሒሳብ የሰባት ቤት ጭቅጭቅ ይሆናል። የሚያጋጥመውም ውሃ ጠፍቶ እያለ “ይምጣ እንደሆነ” ብሎ የከፈተ ሰው ረስቶት ሲወጣ ነው። ስለዚህ በወጣችሁበት ጠዋት አንድ ሰው እየዞረ እያንዳንዱን ቧንቧ በእጁ ይንካ፣ ከተቻለ ከቆጣሪው ይዝጋ። በርሜሎቹና ጀሪካኖቹ ከሐሙስ ጀምሮ ይሞሉ። የእሑዱ ፈረቃ ቢያልፋችሁም ማታ ለቡናና ለእግር መታጠቢያ ይኖራችኋል።

መብራቱም እንዲሁ። መብራት ጠፍቶ ምጣድ ወይም ካውያ ተሰክቶ ከተተወ ሲመጣ እሳት ነው። ዳቦው ቅዳሜ ማታ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገር ከሆነ ደግሞ ከሰልና እንጨት ለመጠባበቂያ ይኑር፤ የቦካ ሊጥ መብራት አይጠብቅም።

ቁልፉን ከአጥር ማዶ ላለ የታመነ ጎረቤት ስጡ፣ ስልካችሁን ተዉለት፤ ማታ ዳቦ ቆርሳችሁ ላኩለት። አራስ ወይም ታማሚ ያለበት ቤት ካለ ደግሞ መውጣት እንደማይችሉ ቀድሞ ታውቆ ድርሻቸው ይቀመጥላቸው። ከእነሱ መዋጮ አትጠይቁ።

መዋጮውን ለሁለት ክፈሉት። የመኪናና የትኬት ገንዘብ በሰው ይቆጠር፤ ልጅ እንደ ግማሽ ሰው። እንዲህ ከሆነ 13 አዋቂና 8 ልጅ 17 ድርሻ ይሆናል፤ የመኪናውን ኪራይ ለ17 አካፍሉ። ምግቡ በገንዘብ ሳይሆን በዓይነት ይሁን፦ ዱቄት ያለው ዱቄት፣ ጉልበት ያላት ጉልበት። እጅ ያጠረው ቤት ካለ ይህን መንገድ ተጠቅማችሁ ድርሻውን በሥራ እንዲወጣ አድርጉ፤ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ገንዘብ ያዡ እና ጸሐፊው የተለያየ ቤት ሰው ይሁኑ። ወጪው በማግስቱ ማታ ይነበብ፤ ሳምንት ካለፈ ይረሳል፣ ከተረሳ ደግሞ ያጠራጥራል።

የማራኪዋ፦

ሁሉንም ለግቢው አነበብኩላቸው። እንግዲህ መርሐ ግብሩን እንዲህ አድርገነዋል፤ ስሕተት ካለ አርሙን። 1:45 ከግቢ መነሳት፣ 2:30 ጃንተከል ዋርካ። እስከ 5 ሰዓት ፋሲል ግቢ። 5:30 መዋኛ፣ 6:30 ምሳ፣ እስከ 8 ሰዓት ዕረፍት። 8:30 የፈለገ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ያልፈለገ ከእማማ ጋር መዋኛው ጥላ ሥር። 10:30 ሁላችንም ተገናኝተን ጎሃ፣ ጀንበር ስትጠልቅ አይተን 12:30 ወደ ቤት፣ ከዚያ ቡና።

ጃንተከል፦

ጥሩ ነው፤ ትንሽ ላርመው።

ሥላሴን ከሰዓት ማድረጋችሁ ልክ ነው፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ለጉብኝት አይመችም። የመረጣችሁት እሑድ ጥቅምት 7 ላይ እንዳይውል ተመልከቱ፤ በወር በ7 ሥላሴ ናት፣ ሕዝብ ይበዛል። ቁስቋምን ለሌላ ጊዜ ስታስቡም ኅዳር 6 ክብረ በዓሏ መሆኑን አትርሱ፤ ለመሳለም ከሆነ ያ ቀን ነው፣ ፍርስራሹን በእርጋታ ለማየት ግን ሌላ ቀን ይሻላል።

ሥላሴ የምትሄዱት ከነጠላ ጋር ነው፤ ሴቶች ቀሚስ፣ ወንዶች ቁምጣ አይሆንም። ጫማ ስለሚወልቅ ለልጆቹ ማሠሪያ የሌለው ጫማ አድርጉላቸው፤ ስምንት ማሠሪያ ፈትቶ ማሠር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ወንድና ሴት በየበራቸው ነው የሚገቡት፤ ትንሽ ልጅ ከማን ጋር እንደሚገባ አስቀድማችሁ ወስኑ። ፎቶ በፍላሽ ክልክል ነው፤ ብርሃኑ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ዓይን ከጨለማው ጋር እስኪለማመድ ሁለት ደቂቃ ቁሙ፤ በኋላ የጣሪያው መላእክት ፊት አንድ በአንድ ይወጣል። ልጆቹ ቀና ብለው ሲያዩ አንገታቸው እንዳይደክም ምንጣፉ ላይ ቁጭ ይበሉ። ከውጭ ያለው አጥር 12 ማማ አለው፣ በሐዋርያት ቁጥር ነው። የመግቢያው ማማ ደግሞ በአንበሳ አምሳል የተሠራ ነው፤ ጅራቱ በምዕራብ በኩል ካለው የአጥር በር በላይ ተቀርጿል። “ጅራቱን ፈልጉ” ብትሏቸው ቅጥሩን ሳይታክቱ ይዞሩታል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይህች መትረፏን፣ ንብ መንጋ ወጥቶ እንደመለሳቸው በአፈ ታሪክ የሚነገረውን እዚያው በሩ ላይ ሆናችሁ ንገሯቸው።

ጎሃ ላይ ያላችሁትን ሰዓት ትንሽ ላብራራው። በጥቅምት ጀንበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከመዋኛው በ10:30 ተነስታችሁ 11 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ሻይ አዝዛችሁ ከተማውን በብርሃንም በወርቃማውም ታዩታላችሁ። ሆቴል ስለሆነ 21 ሰው ድንገት ከመግባት ቀድሞ መደወል ይገባል፤ ከቤት የያዛችሁትን ምግብም እዚያ አታውጡ። ፀሐይ እንደገባች ኮረብታው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ለልጆቹና ለእማማ ጋቢ ወይም ሹራብ መኪናው ውስጥ ይኑር። መግሪብም እዚያው ሰዓት ስለሚገባ ለሁለቱ ቤት የሚሰግዱበትን ጥግ ስትደውሉ አብራችሁ ጠይቁ።

ለእማማ ደግሞ አንድ ቀላል የፕላስቲክ ወንበር ከቤት ያዙ። ግንቡ ውስጥ መቀመጫ የሚገኘው እሳቸው ሲደክማቸው ካሉበት ቦታ ላይ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ድንጋይ ላይ ከተቀመጡ ደግሞ በዚያ ጉልበት መነሳቱ ነው የሚከብዳቸው። ወንበሩን የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ይሸከምላቸው።